የቤታችሁ መዋኛ ገንዳ ያፈሳል ወይስ ይተናል? ከመቆፈራችሁ በፊት እንዲህ አረጋግጡ

ላስ ቬጋስ ወይም ፊኒክስ ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዳም አብሮ ይረከባል። ቤቱን ሲያይ ስለ ጣሪያውና ስለ ኤሲው በደንብ ይጠይቃል። ስለ ገንዳው ግን እምብዛም አይጠይቅም። ከዚያ ሙቀቱ ይገባል፤ ውኃው በየቀኑ ዝቅ ይላል፤ የውኃ ቢሉም ይጨምራል። አንዳንዱ "የበረሃ ፀሐይ ነው" እያለ ለወራት ሲሞላ ይከርማል። ሌላው ደግሞ ወዲያው ባለሙያ ጠርቶ ኮንክሪቱን ያስቆፍራል። ሁለቱም ሳይለኩ ነው የወሰኑት፤ ኪሳቸውን የሚጎዳውም ይኼው ነው።

ጉዳዩ የኪስ ብቻም አይደለም። ላስ ቬጋስ ከሚጠቀመው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ሌክ ሚድ በተባለው ሐይቅ በኩል ነው። ቤት ውስጥ ተጠቅመን በፍሳሽ መስመር የሚሄደው ውኃ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከገንዳ ሾልኮ መሬት ውስጥ የገባው ግን አይመለስም። ላስ ቬጋስ የሚገኝበት የክላርክ ካውንቲ በ2022 አዲስ የሚሠሩ የመኖሪያ ቤት ገንዳዎች ከ600 ስኩዌር ጫማ እንዳይበልጡ የወሰነውም በዚሁ የውኃ ጭንቀት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ አብዛኛው ባልዲ፣ ቴፕ፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ። አንዱ ሳያልቅ ወደ ሌላው የሄደ ሰው የሚያገኘው መልስ አያስተማምንም።

ትነት ምን ያህል ይወስዳል?

ክዳን የሌለው ገንዳ በቀን ሩብ ኢንች ገደማ፣ ማለትም 6 ሚሊሜትር ያህል፣ በትነት ቢያጣ የተለመደ ነው። እንደ ላስ ቬጋስ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ነፋስ ባለበት የጁላይ ቀን፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ግማሽ ኢንች ቢጠጋ እንኳ ገንዳው ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

በጋሎን እናስላው። 30 ጫማ በ15 ጫማ የሆነ ገንዳ የላይኛው ስፋቱ 450 ስኩዌር ጫማ ነው። ከዚህ ላይ ሩብ ኢንች ሲቀንስ 70 ጋሎን ያህል ሄደ ማለት ነው። በወር 2,100 ጋሎን ይሆናል። አንድ ሙሉ ኢንች ከሆነ ደግሞ በቀን 280 ጋሎን። ስለዚህ ቢሉ መጨመሩ ብቻውን ገንዳው እንደሚያፈስ አያረጋግጥም። በቀን አንድ ኢንች መጉደል ግን በትነት አይመካኝም።

ትነት በሙቀት ብቻ የሚበረታ አይምሰላችሁ። ውኃው ሞቆ አየሩ ሲቀዘቅዝም ይበረታል። ኦክቶበር ላይ ሂተሩን አብርታችሁ፣ ማታ ከገንዳው ላይ እንፋሎት ሲነሣ ካያችሁ፣ እየሄደ ያለው ውኃችሁ ነው። ፏፏቴና ከስፓው ወደ ገንዳው የሚወርድ ውኃም ትነቱን ይጨምራሉ። ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲዘሉበት የዋለ ገንዳ በማግሥቱ ጎድሎ ቢገኝም አያስደነግጥም።

የኬሚካል ምርመራውም ፍንጭ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። ትነት የሚወስደው ውኃውን ብቻ ነው። ጨውና ካልሲየም፣ እንዲሁም ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቀው ስታብላይዘር እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ጤነኛ ገንዳ በቧንቧ ውኃ እየተሞላ ሲሄድ ካልሲየሙ ቀስ በቀስ ይጨምራል። የላስ ቬጋስ የቧንቧ ውኃ ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ጭማሪው ቶሎ ይታያል። የሚያፈስ ገንዳ ግን እነዚህንም ከውኃው ጋር ያወጣል። የጨው ገንዳ ኖሯችሁ ጨው አሁንም አሁንም የምትጨምሩ ከሆነ፣ ወይም ስታብላይዘሩ ያለ ምክንያት እየወረደ ከሆነ፣ ነገሩ ያጠራጥራል። ፊልተር ስታጥቡ የሚወጣው ውኃም ጨው ይዞ ስለሚሄድ፣ ይህን እንደ ጥርጣሬ እንጂ እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

መጀመሪያ አውቶፊሉን ዝጉ

ብዙ አዳዲስ ገንዳዎች ውኃ ሲጎድል በራሱ የሚሞላ አውቶፊል አላቸው። ምቹ ነገር ነው፤ ግን ችግርን ይደብቃል። ገንዳው በቀን ሁለት ኢንች ቢያፈስ እንኳ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይታያችኋል። የምታውቁት ቢሉ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ልኬት ከመጀመሩ በፊት የአውቶፊሉን ቫልቭ ዝጉ።

ስትዘጉት ሁለት ነገር እግረ መንገዳችሁን እዩ። የመጀመሪያው ተንሳፋፊው ነው። ከፍ ብሎ ተስተካክሎ ከሆነ ገንዳውን ከልክ በላይ ይሞላል፤ ትርፉ ውኃ ደግሞ በማስተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ይህ ማፍሰስ አይደለም፤ ተንሳፋፊውን ዝቅ ማድረግ በቂ ነው። ሁለተኛው የውኃ ቆጣሪው ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፤ ልብስ ማጠቢያም አይሥራ። ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ መሽከርከሪያ ወይም ዲጂታል ቁጥሩን ተመልከቱ። አውቶፊሉ ተዘግቶም የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የሚያፈሰው ገንዳው ሳይሆን የቤቱ ቧንቧ ወይም የአትክልት ማጠጫው መስመር ሊሆን ይችላል። ገንዳ አጠገብ የሚፈነዳ የአትክልት ቧንቧ አፈሩን አርጥቦ ብዙ ሰው ያሳስታል።

የባልዲው ፈተና

ከሁሉም የማምነው ይህን ነው። ማስመሪያ ብቻ ይዛችሁ ብትለኩ ምን ያህል እንደቀነሰ ታውቃላችሁ፤ ለምን እንደቀነሰ ግን አታውቁም። ባልዲው ገንዳው ውስጥ ተቀምጦ ያንኑ ፀሐይ፣ ያንኑ ነፋስ፣ ያንኑ የውኃ ሙቀት ስለሚያገኝ በትነት የሚያጣው ከገንዳው ጋር ተቀራራቢ ነው። ባልዲው ደግሞ አያፈስም። ልዩነቱ መልሱን ይሰጣችኋል።

1. ገንዳውን እስከ ተለመደው ከፍታ ሙሉ፤ አውቶፊሉ ዝግ መሆኑን እንደገና አረጋግጡ። ፏፏቴ ካለ አጥፉ።

2. ባለ 5 ጋሎን ነጭ ባልዲ ውሰዱ። ጥቁር ባልዲ ፀሐይ ስለሚስብ ውኃውን ከገንዳው በላይ ያሞቀዋል፤ ልኬቱም ይዛባል።

3. ባልዲውን የገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጡ። እንዳይንሳፈፍ ውስጡ ድንጋይ ጨምሩ። አፉ ከገንዳው ውኃ በላይ ይውጣ። የገንዳውን ውኃ እየቀዳችሁ፣ ውስጡና ውጩ እኩል እስኪሆን ሙሉት።

4. በባልዲው ውስጠኛ ጎን የውኃውን ከፍታ በቴፕ ወይም በማይለቅ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። በውጭ ጎኑም የገንዳውን ከፍታ እንዲሁ።

5. ፓምፑ እንደ ወትሮው ይሥራ። ለ24 ሰዓት ማንም አይዋኝ፤ ውሻም አይግባ።

6. በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሁለቱንም ለኩ።

ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ትነት ነው፤ እዚህ ላይ ጨርሳችኋል። ገንዳው ከባልዲው በአንድ ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም በ3 ሚሊሜትር ያህል፣ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ያፈሳል ብላችሁ ቀጥሉ። ከዚያ ያነሰ ልዩነት በሞገድም ሊመጣ ስለሚችል ፈተናውን ድገሙት። ዝናብ ከጣለ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ከነበረ ውጤቱን ጣሉትና ሌላ ቀን ጠብቁ።

የገንዳ ክዳን ያለው ሰው ሌላም ማመሳከሪያ አለው። ገንዳውን 24 ሰዓት ሸፍኑት። ክዳን ትነቱን በጣም ይቀንሰዋል። ተሸፍኖም እንደ ድሮው ከቀነሰ፣ ውኃው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ መሬት እየሄደ ነው።

ፓምፕ በርቶ፣ ፓምፕ ጠፍቶ

አሁን ያፈሳል ብለናል። የት? ያው ባልዲ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ገንዳውን እንደገና ሙሉና ያንኑ ፈተና ፓምፑን አጥፍታችሁ ድገሙት። በሙቀት ወቅት ቀኑን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ውኃ አረንጓዴ መሆን ይጀምራል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ የክሎሪኑን መጠን አስተካክሉ።

ፓምፑ ሲሠራ በጣም የሚቀንስ፣ ሲጠፋ ግን የሚረጋ ከሆነ፣ የተጠረጠረው ከፓምፑ ወደ ገንዳው የሚመለሰው መስመር ነው። ያ መስመር ፓምፑ ሲሠራ ግፊት አለበት፤ ትንሽ ስንጥቅ ብትኖር ውኃው በኃይል ይወጣል።

ፓምፑ ሲጠፋ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ከገንዳው ወደ ፓምፑ የሚስበውን መስመር ተመልከቱ። ፓምፑ ሲሠራ በዚያ ስንጥቅ ውኃ አይወጣም፤ አየር ይገባል እንጂ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ውኃው በሚመለስባቸው አፎች በኩል የአየር አረፋ ይወጣል፤ የፓምፑ ግልጽ ክዳን ውስጥም አየር ይታያል። አረፋ ሁሉ ግን የተሰበረ ቧንቧ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የፓምፑ ክዳን ላስቲክ ደርቆ ወይም በስኪመሩ፣ ማለትም የላዩን ውኃ በሚስበው የገንዳው ጎን ሳጥን፣ ያለው ውኃ ዝቅ ብሎ ነው። መጀመሪያ እነዚህን እዩ።

በሁለቱም እኩል የሚቀንስ ከሆነ ችግሩ ራሱ ገንዳው ላይ ይመስላል። ግድግዳው፣ ስኪመሩ፣ መብራቱ ወይም የወለሉ ድሬን (ከሥር ውኃ የሚስበው ቀዳዳ) ነው ማለት ነው።

ማሽኖቹ ያሉበትን ቦታ ዙሩት

ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፓምፑ እየሠራ እያለ በእጅ መብራት ፓምፑን፣ ፊልተሩን፣ ሂተሩንና ቫልቮቹን እዩ። ውኃ ባይታይም ነጭ የጨው ቅርፊት ካለ እዚያ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ሞተሩ ከፓምፑ አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሥር ጣታችሁን አሳልፉ፤ የሞተሩ ማሸጊያ ሲያረጅ እዚያ ያንጠባጥባል።

የፊልተሩን ቆሻሻ የሚያወጣውን ቱቦ ጫፍ ፈልጉ። ቫልቩ "ፊልተር" ላይ ሆኖ ከዚያ ጫፍ ውኃ የሚወርድ ከሆነ፣ ቫልቩ ውስጥ ያለው ላስቲክ አልቋል። ቱቦው ከመሬት ሥር ወይም አጥር ጀርባ ሲሆን ይህ ለወራት ሳይታይ ይቆያል። ላስቲኩ ርካሽ ነው። መሬት ከማስቆፈራችሁ በፊት ይህችን ማየት ብዙ ብር ታተርፋለች።

ውኃው የት ላይ ይቆማል?

አውቶፊሉም ፓምፑም ጠፍተው ውኃው በራሱ እንዲወርድ ተዉትና በየቀኑ ግድግዳው ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉ። ቀዳዳው ካለበት ከፍታ በታች ሲደርስ መውረዱ ያቆማል፤ የሚቀረው የትነቱ ብቻ ነው። ከስኪመሩ አፍ ሥር ላይ ከቆመ ስኪመሩን፣ መብራቱ ከፍታ ላይ ከቆመ መብራቱን፣ መመለሻ አፎቹ ላይ ከቆመ እነሱን ትመረምራላችሁ። ሁሉንም አልፎ ከወረደ የወለሉ ድሬን ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ ስንጥቅ ይጠረጠራል።

ውኃው ከስኪመሩ በታች ከወረደ በኋላ ፓምፑን በጭራሽ አታብሩ፤ አየር ስቦ ይቃጠላል። መብራቱን አልፎ መውረድ ከቀጠለም ጥናቱን እዚያ አቁሙና ሙሉት። ባዶ ገንዳ አደጋ ነው። በበረሃ ፀሐይ ፕላስተሩ ደርቆ ይሰነጠቃል። የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ በሆነበት አገር፣ ለምሳሌ ፍሎሪዳ፣ ባዶውን ገንዳ ከሥር ያለው ውኃ ገፍቶ ከመሬት ሊያነሣው ይችላል። የቪናይል ገንዳም፣ ማለትም ውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠው፣ ውኃው ሲወጣ ልባሱ ይሸበሸባል። ማፍሰሱን ለማግኘት ብላችሁ ገንዳ አታራግፉ። ለጥገና ግድ ከሆነ ደግሞ ላስ ቬጋስ ውስጥ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ ቤት ውኃውን የሚለቀው ወደዚያ መስመር ነው እንጂ ወደ መንገድ አይደለም።

የቀለም ፈተና

አሁን የተጠረጠረውን ቦታ በዓይናችሁ ታረጋግጣላችሁ። የገንዳ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ወፍራም ቀለም አለ። ከሌለ ጠቆር ያለ የምግብ ቀለም መርፌ በሌለው ስሪንጅ አድርጉ።

ገንዳውን መልሳችሁ ሙሉ፤ ፓምፑን አጥፉና ውኃው ፀጥ እስኪል ጠብቁ። ስትገቡም ቀስ ብላችሁ ግቡ። የስሪንጁን ጫፍ ወደ ስንጥቁ አስጠጉ፤ ግን አታስነኩት። ቀለሙን በኃይል አትግፉ፤ ጠብታ ብቻ ልቀቁ። ቀለሙ እዚያው ተንሳፍፎ ከቀረ ቦታው ጤነኛ ነው። እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ውስጥ ከተሳበ አገኛችሁት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደግማችሁ እዩ፤ እጃችሁ ያንቀሳቀሰው ውኃም ቀለሙን ሊገፋው ይችላል።

ከስኪመሩ ጀምሩ። ስኪመር የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ የሚገጥመው ግን ከኮንክሪት ጋር ነው። መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ይለያያሉ። የዳላስ አካባቢ የሸክላ አፈር ሲርስ አብጦ ሲደርቅ ስለሚኮማተር እዚያ ይህ በጣም የተለመደ ነው። የሳጥኑን አፍ አራት ማዕዘኖች አንድ በአንድ ሞክሩ። በሥሩ በኩል ያለውን መገጣጠሚያም አትርሱ። ካገኛችሁት፣ ውኃ ውስጥ የሚደርቅ የገንዳ ፑቲ በእጅ ለውሳችሁ ስንጥቁን ሙሉበት። ይህ ለጊዜው በደንብ ይይዛል።

ቀጥሎ መመለሻ አፎቹን፣ የታይሉን መስመርና በፕላስተሩ ላይ ያሉትን ስንጥቆች ሞክሩ። ሁሉም ስንጥቅ አያፈስም። ብዙዎቹ ላይ ላዩን ብቻ ናቸው፤ ቀለሙ ይለይላችኋል።

መብራቱ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። መጀመሪያ የገንዳውን መብራት ብሬከር አጥፉና ማንም እንዳያበራው ንገሩ። መብራቱን ስታበሩ ብሬከሩ የሚዘል ከሆነ፣ ወይም ውኃ ውስጥ ስትገቡ የመንዘር ስሜት ከተሰማችሁ፣ ቶሎ ውጡና ወደ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ደውሉ። ብሬከሩ ከጠፋ ቀለሙን በመብራቱ ቀለበት ዙሪያ ልቀቁ። መብራቱ የተቀመጠበት ጉድጓድ ውኃ የሚሞላው ሆን ተብሎ ነው። ውኃው የሚያመልጠው ከጉድጓዱ ጀርባ፣ ሽቦው በሚያልፍበት ቱቦ ነው። መፍትሔው ያንን የቱቦ አፍ ማሸግ ሲሆን፣ መብራቱን ማውጣት ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ብትተዉት እመርጣለሁ።

የወለሉን ድሬን ፓምፑ እየሠራ ማንም አይጠጋው። በ2002 የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ የ7 ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር፣ የስፓ ድሬን ስቦ ይዟት ሕይወቷ አልፏል። በስሟ የተጠራው የፌዴራል ሕግ በ2007 ወጥቶ የድሬን ክዳኖች ሰው እንዳይዙ ሆነው እንዲሠሩ አስገድዷል። የእናንተ ገንዳ ያረጀ ጠፍጣፋ ክዳን ካለው ወይም ክዳኑ ከተሰበረ፣ ማፍሰሱን ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን አስቀይሩ። እስኪቀየር ድረስ ልጅ አይግባ።

ባለሙያ ስትጠሩ

ቀለሙ ምንም ካላሳየና ባልዲው ግን ያፈሳል ካለ፣ የተሰበረው ከመሬት ሥር ያለ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። እዚህ የእናንተ ሥራ ያበቃል። ባለሙያው እያንዳንዱን መስመር በጎማ ክዳን ዘግቶ ግፊት ይሰጠዋል፤ ግፊቱ የሚወርድበት መስመር ተለየ ማለት ነው። ከዚያ በማዳመጫ መሣሪያ የውኃውን ወይም የአየሩን ድምፅ ተከትሎ ቦታውን ያገኛል። ይህን በቤት ውስጥ የአየር ኮምፕረሰር አትሞክሩት። የተጨመቀ አየር ክዳኑን ወርውሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ስትደውሉ "ገንዳዬ ያፈሳል" ብቻ አትበሉ። "ፓምፑ በርቶ ከባልዲው በዚህ ያህል ቀነሰ፤ ጠፍቶ በዚህ ያህል፤ ስኪመሩን በቀለም ሞክሬዋለሁ" በሉ። የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ሥራው ያጥርለታል። የማያውቀው ደግሞ ቶሎ ይለያል። የመፈለጊያውንና የመጠገኛውን ዋጋ ለየብቻ ጠይቁ። የግፊት መለኪያው ሲወርድ በዓይናችሁ ያሳያችሁ። የትኛው መስመር እንደሆነ ሳይለይ ኮንክሪት ልቁረጥ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትፍቀዱ። ኔቫዳ የምትኖሩ ከሆነ ፈቃድ እንዳለው የግዛቲቱ የኮንትራክተሮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ታያላችሁ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ባልዲውን እንደገና ደረጃው ላይ አስቀምጡ። 24 ሰዓት ፓምፑ በርቶ፣ 24 ሰዓት ጠፍቶ። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚህ ፈተና በኋላ እንደምትከፍሉ ሥራው ሳይጀመር ተስማሙና በጽሑፍ ይስፈር። ሁለቱም ልኬቶች ከባልዲው ጋር እኩል ሲወጡ አውቶፊሉን ክፈቱ።